2 ሰከንድ ብቻ

«ወንድሜ፣ ቪዲዮው አሪፍ ነው። መጨረሻው ላይ 2 ሰከንድ ብቻ ጨምርልን» አለኝ ዛሬ አኒሜሽን የሠራሁለት አንድ ደንበኛ። ዋጋውን ስነግረው ሳቀ። «ለ2 ሰከንድ?»

አኒሜሽኑ በሰከንድ 24 ፍሬም (ተከታታይ ምስል) ነው። 2 ሰከንድ ማለት 48 ፍሬም። ልጅቷ እጇን ታወርዳለች፣ ፀጉሯ ትንሽ ዘግይቶ ይከተላታል፣ ጥላዋም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሙዚቃው እንደ አዲስ ተቆርጦ ይገጠማል። ከዚያ ሬንደር፦ ኮምፒውተሩ ሁሉንም አዋህዶ የመጨረሻውን ቪዲዮ ያወጣል። እሱ እስኪያልቅ ኮምፒውተሩ ሌላ ሥራ አያስነካም፤ ቁጭ ብሎ ፐርሰንቷን ማየት ነው። ውላችን ላይ ያሉት 2 የነፃ እርማቶች ደግሞ ድሮ አልቀዋል። ይህን ስነግረው «በቃ ይቅር፣ እንዳለ ይለቀቅ» አለ።

ሰው የሚከፍለው ለሚያየው ርዝመት ነው። በየወሩ የሚታደሰው የሶፍትዌር ክፍያና የፎንት (የፊደል ቅርጽ) ፈቃድ አይታየውም። እንደ እኔ ሳይቀጠር በግሉ የሚሠራ ፍሪላንሰር ሲታመም የሚከፍለው እንደሌለም እንዲሁ።

ተቀጥረው የሚሠሩት ጓደኞቼም ብዙ አይሻሉም (ደሞዙ ቀኑን ጠብቆ መግባቱ ግን ያስቀናል)። «ግራፊክ ዲዛይነር» ተብለው ይገባሉ። ትንሽ ቆይቶ ካሜራ ይሰጣቸዋል፣ ቀጥሎ ኤዲቲንግ፣ ቀጥሎ ማታ ማታ ለኮሜንት መልስ መስጠት። ደሞዙ ግን ያው የዲዛይነሩ ነው።