ፔዳሉ ሲመለስ

የምሠራው ዱባይ ነው፣ ፈጣን መኪኖችን ለትራክ፣ ማለትም ለውድድር ሜዳ፣ የሚያዘጋጅ ጋራዥ ውስጥ። ሙቀቱ ቀለል ሲል ደንበኞቻችን ዱባይ ኦቶድሮም የሚባለው ትራክ ይገባሉ። እኛም ክሪክና ትርፍ ጎማ ጭነን እንከተላለን።

ባለፈው ጥር የወሰድነው መኪና ሞተሩ መሃል ላይ ያለ፣ 1,600 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነበር። ፍሬኑ ካርቦን ሴራሚክ የሚባለው፣ ብዙ ሙቀት የሚችለው ዓይነት ነው። ከሁለት ቀን በፊት ስፈትሸው የፍሬን ዘይቱ ከተቀየረ ዓመት ተኩል ሆኖታል። ለአለቃዬ ነገርኩት።

«መመሪያው በሁለት ዓመት ነው የሚለው። ፈርም» አለኝ።

ፈረምኩ።

መመሪያው ለከተማ ነው የተጻፈው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ውሃ ሲገባበት ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 155 ይወርዳል። ገበያ ለመሄድ ይበቃል። ትራክ ላይ ግን ያ መኪና ከ240 ወደ 80 ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 9 ሊትር የቧንቧ ውሃ ያፈላል። ያውም በጥቂት ሰከንድ። አብዛኛው ሙቀት የሚያርፈው ፍሬኑ ላይ ነው። ዙሩ 5.39 ኪሎ ሜትር ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር ደግሞ ደጋግመህ ትረግጣለህ።

ደንበኛው አምስተኛው ዙር ላይ ሳይመጣ ቀረ። ቆይቶ ሁሉንም ፍሬቻ አብርቶ እያዘገመ ገባ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ከመኪናው ቀድሞ ደረሰን። ደንበኛው ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ፔዳሉ ወለሉን ነካ። ምንም አልያዘም» አለኝ። ዕድሜ ከትራኩ ዳር ላለው ማምለጫ ሜዳ፣ መኪናውም እሱም ጭረት አልነካቸውም።

ግማሽ ሰዓት ያህል አቀዘቀዝነው። ደንበኛው ገብቶ ፔዳሉን ረገጠው። ድንጋይ ሆኗል።

«ይኸው ተስተካከለ። ቁልፉን ስጠኝ።»

«አልተስተካከለም ጌታዬ። ስለቀዘቀዘ ነው።»

«ሴራሚክ ነው እኮ! መኪናው ለዚህ ነው የተሠራው።»

«ዲስኩ ሙቀቱን ይችለዋል። ከኋላው ያለው ዘይት ግን አይችልም። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እግርዎ የሚጫነው እንፋሎቱን ነው። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። አሁን የሚረግጡት እሱን ነው።»

ደንበኛው ስልክ ደወለ። አለቃዬም ደወለልኝ። «ደንበኛ ነው፣ ስጠው» አለኝ። ቁልፉን ኪሴ ከትቼ የፊት ግራውን ጎማ ፈታሁ።

ያን ሰዓት ፊቴ የመጣው አባቴ ነው። የጎጃም መስመር የጭነት ሹፌር ነበር። ልጅ ሆኜ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ፣ ፍሬኑ የሸተተው እንደሆነ መሃል መንገድ ላይ ያቆም ነበር። አንድ ቀን «አባዬ፣ ፍሬኑ ይይዝ የለ እንዴ? ለምን እንቆማለን?» አልኩት። «አሁን የያዘው ስላረፈ ነው። ሲግል አያውቅህም» አለኝ። የእሱ ፍሬን በአየር፣ ይሄኛው በዘይት ነው የሚሠራው። ሙቀቱ ግን ሁለቱንም ያስከዳል።

ነጭ ቱቦ ገጥሜ ዘይቱን አወጣሁት። የጠቆረ ሻይ ይመስላል። አጠገቡ አዲሱን ቀዳሁ፣ ከ300 ዲግሪ በላይ የሚችለውን የውድድር ዘይት። ብርዝ የመሰለ ቢጫ ነው። ደንበኛው አጎንብሶ ሁለቱን ብርጭቆ አየ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ይሄን ከትናንት ወዲያ ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«አውቅ ነበር።»

ሌላ ቃል አልወጣኝም። «አለቃዬን ይጠይቁ» ማለት እችል ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ ግን የእኔ ነው።

ሰው ሱፐርካር ትራክ ላይ አይችልም ሲል ሞተሩን ነው የሚፈራው። እርግጥ ሞተርም ያጋጥማል። በፈረንጆቹ 2014 ፖርሼ ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ በሚያገናኘው ቢዬላ ብሎን ምክንያት፣ ጂቲ3 የሚባሉ የ785 መኪኖቹን ሞተር ቀይሯል። ያ ግን የፋብሪካ ስህተት ነው፣ ፋብሪካው አረመው። ዘይት የሚያረጀው፣ ሸራ የሚያልቀው፣ የጎማ ንፋስ ሳይለካ የሚቀረው እኛ እጅ ላይ ነው። እኔ ያየኋቸው መኪኖች አብዛኞቹ የቆሙት በዚህ ነው።

ከሰዓት በኋላ በአዲስ ዘይት ወጣ። አንድ ዙር አሙቆ፣ ሦስት ነድቶ፣ አንድ ዙር አቀዝቅዞ ገባ። ፔዳሉ አልተነቃነቀም። ሲሄድ ጨበጠኝ፣ ግን ዓይኔን አላየኝም።

አሁን ፎርማችን ላይ ዘይቱ የተቀየረበት ቀን የሚሞላበት መስመር አለ። አለቃዬ ነው ያስገባው። ስለዚያ ቀን ግን እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

እሁድ ለአባቴ ደውዬ ሁሉንም አወራሁለት። ቁልፉን ኪሴ ስለመክተቴ ስነግረው ደስ አለው፣ «ጎበዝ!» አለኝ። ስለ ፊርማው ግን አልነገርኩትም።