አንዲት ኤስ ጎድላለች

ሦስት ቀኑ። እስካሁን ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል። «ይቅርታ፣ አንዲት ኤስ ጎድላለች።» ጥርሴን ስፍቅ ኤስ። ልተኛ ጋደም ስል ኤስ።

ጦሱ የመጣው ከገዛ አፌ ነው። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ኮዳችንን የሚገነባው ሰርቨር ወደ ጂሲሲ 14 ከፍ ተደረገ፤ ጂሲሲ ማለት ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው ኮምፓይለር ነው። ይሄ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ጂሲሲ ደግሞ፣ ያልታወጀ ፈንክሽን፣ ማለትም ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚመልስ ቀድመህ ያላስተዋወቅከውን፣ ስትጠራ ድሮ በዋርኒንግ ያልፍህ የነበረውን ትቶ ኤረር ብሎ ያቆምሃል። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ሲ 99 የተባለው የቋንቋው ስታንዳርድ ነገሩን የከለከለው በ1999 ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ታግሰውናል። በዚያ ላይ አንዱ ባልደረባችን «ስታንዳርዱን እንጠብቅ» ብሎ ግንባታው ላይ ኮምፓይለሩን «በሲ 99 ብቻ ሂድ» የሚል ፍላግ ጨምሯል። እንዲህ ንጹሑን ስታንዳርድ ብቻ ስትጠይቅ ጂሊብሲ፣ የዝግጁ ፈንክሽኖቹ ቤት፣ ከስታንዳርዱ ውጭ የሆኑትን ፈንክሽኖች ሄደሮቹ (አዋጆቹ የተጻፉባቸው ፋይሎች) ውስጥ ይደብቅብሃል። ትናንት ሰላም ያልከው ፈንክሽን ዛሬ አያውቅህም።

እኔ ጋ ኮምፓይለሩ አሮጌ ስለሆነ 41 ዋርኒንግ ብቻ ነበር የሚያሳየው። አለቃችን «ማን ይየው?» ሲል እጄን አወጣሁ። «የሄደር ጉዳይ ነው፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ» አልኩ። ግማሽ ሰዓቱን ማን ጠየቀኝ?

መጀመሪያ ፈንክሽኖቹን በገዛ እጄ አወጅኳቸው። እኔ እያለሁ ሄደር ምን ያደርጋል ብዬ። ጽሑፍ የሚቀዳውን ስትርዱፕን ስጽፍ ግን ኮንስት (አይቀየርም) የምትለዋን ቃል ዘለልኳት። ያ ፍላግ የማይነካቸው ፋይሎች እውነተኛው አዋጅ ነበራቸውና ከእኔው አዋጅ ጋር ተጋጩ። ዋርኒንግ እንኳን ያልነበረበት ፋይል ኤረር ይዞ መጣ።

ቀጥሎ የተደበቁትን የሚገልጠውን፣ ጂኤንዩ ሶርስ የሚለውን ዲፋይን ሁሉም ፋይል ላይ ለጠፍኩ። ሄደሮቹን ከሚያስገቡት መስመሮች፣ ከኢንክሉዶቹ በታች። ይሄ ዲፋይን ደግሞ የሚሠራው ከመጀመሪያው ኢንክሉድ በፊት ሲመጣ ነው፤ ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ የሚባለው ለእኔ ነው። ይባስ ብሎ 17 ፋይሎች ያንኑ ዲፋይን ቀድሞውኑ ከግንባታው ትእዛዝ ያገኙት ነበር። እነሱም «ድጋሚ ዲፋይን ተደርጓል» እያሉ ተንጫጩ። 41 የነበረው 58 ሆነ። ዋርኒንግ ላጠፋ ሄጄ ዋርኒንግ አረባሁ።

እዚህ ላይ ስለ ስትርዱፕ ካልተናገርኩ ያንቀኛል። ሳይታወጅ ስትጠራው ኮምፓይለሩ «ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ነው የሚመልሰው» ብሎ ይገምታል። ኢንቱ 32 ቢት፣ እሱ የሚመልሰው ፖይንተር፣ ማለትም የሜሞሪ አድራሻ፣ 64 ቢት። የአድራሻው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀርና ፕሮግራሙ የማያውቀው ሰው በር አንኳኩቶ ይወድቃል። ኮምፓይለሩ ታዲያ በዚህ ሁሉ መሀል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ስትርኮምፕ ማለትህ ነው?» ቅዳልኝ ስለው አወዳድርልኝ ማለትህ ነው ይለኛል! ደግሞ እኮ ስትርዱፕ ሲ ስታንዳርድ ውስጥ የገባው በሲ 23 ነው። ስንት ፕሮግራም ላይ ስናሠራው ኖረን ለካ መታወቂያ አልነበረውም።

ለማንኛውም፣ የእኔን ጥበብ ሁሉ ነቅዬ ፖዚክስ የተባለውን የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ስታንዳርድ ዲፋይን፣ 200809 የሚለውን ቁጥር ጭምር፣ ከሁሉም በላይ አስቀመጥኩ። ስትርዱፕ ብቅ አለ። 58ቱ 19 ሆኑ።

19ኙም ስለ አንድ ፈንክሽን ነበር የሚያወሩት፦ ስትርኬዝኮምፕ። ትልቅና ትንሽ ፊደል ሳይለይ ጽሑፍ የሚያወዳድረው። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ኮምፓይለሩን አጥፍቼ ጫንኩ። የግንባታውን መመሪያ ፋይል፣ ሜክፋይሉን፣ ከዜሮ ጻፍኩ። ማሽኑን ሪስታርት አደረግኩ፤ አዎ፣ ለሄደር ችግር ሪስታርት።

ከዚያ ስብሰባ ላይ ስክሪኔን አጋራሁ። ጂሊብሲ ራሱ ችግር እንዳለበት እያብራራሁ ነበር፤ በጣም በእርጋታ፣ አስተማሪ በሆነ ድምፅ። «ስትሪንግ ዶት ኤች ኢንክሉድ ተደርጓል፣ ይኸው!» አልኩና ሁሉም እንዲያዩት ፊደሉን አጎላሁት። ከዚያ ደግሞ አጎላሁት። ስክሪኑ ላይ ከዚያች መስመር በስተቀር ምንም አልነበረም።

ያኔ ነው ከመጣች ሦስት ሳምንት ያልሞላት ልጅ ማይክ የከፈተችው። «ይቅርታ፣ እርስዎ ያስገቡት ስትሪንግን ነው። ስትርኬዝኮምፕ ያለው ስትሪንግስ ዶት ኤች ውስጥ ነው። አንዲት ኤስ ጎድላለች።»

ልብ በሉልኝ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ አንተ ነበር የምትለኝ። ሰው ከልቡ ሲያዝንልህ ለካ ወደ አንቱታ ይዛወራል።

ኤሷን ጨመርኩ። 19 የነበረው ዜሮ። ማንም አልተነፈሰም። እኔም ያንን የሚያህል ፊደል እንዴት እንደማሳንሰው ጠፍቶኝ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ግን እስቲ ፍረዱኝ። ስትሪንግ ዶት ኤች እና ስትሪንግስ ዶት ኤች! አንደኛው ስታንዳርዱ፣ ሌላኛው የቢኤስዲ፣ የድሮው ዩኒክስ፣ ቅሪት፤ ጎን ለጎን አንድ ፎልደር ውስጥ። መንትያ ልጆቹን አበበ እና አበበስ ብሎ የሚሰይም ወላጅ ታይቶ ይታወቃል? ፍላጉ በማይኖርበት ጊዜ ደግሞ ስትሪንግ ዶት ኤች ስትሪንግስን በሆዱ ይዞ ይመጣልሃል፤ ስለዚህ ዕድሜ ልክህን ሳታውቀው ትኖራለህ። እኛም እኮ ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ አሉን። ንጉሥን በእሳቱ ሰ ብትጽፈው ቢበዛ አንድ የአማርኛ መምህር ይቆጣሃል እንጂ ሰርቨር ቆሞ አይቀርም።

የኮሚቱ ታሪክ ላይ፣ ማለትም የኮድ ለውጦቹ መዝገብ ላይ፣ ስሜ ተጽፏል። የመጨረሻዋ ኮሚት፣ ሁለት ቀን የፈጀችው፣ ስታያት በየፋይሉ አንድ መስመር ወጥታ አንድ መስመር ገብታለች። ልዩነቷን ለማየት ዓይንህን ማጥበብ አለብህ። አንዱ ደግሞ ቻት ላይ «ደህና አደራችሁስ» እያለ ሰላምታ ጀምሯል፤ እሱም የሚሰደብበት ቀን ይመጣል።

ትናንት ልጅቷ ኮዷን እንዳይላት ላከችልኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈለግኩ። ኢንክሉዶቹን በጣቴ እየነካሁ ፊደል በፊደል አነበብኩ። በመጨረሻ አንዱ ፋይል መጨረሻ ላይ ትርፍ ባዶ መስመር አገኘሁና በደስታ ጻፍኩላት።

ወዲያው መለሰች። «እሺ፣ አስተካክላለሁ። እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ባያዩት ያመልጠኝ ነበር።»