ክንፍ እያላት በእግሯ የምታድን ወፍ

አረርቲ አጠገብ የሚኖሩት አጎቴ ወፎችን የሚከፍሏቸው በሁለት ነው፤ ማሽላ የሚፈጁና ጫጩት የሚነጥቁ። ባለፈው በጋ ከአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ መልስ እርሳቸው ዘንድ አድሬ ስለ ጸሐፊ ወፍ ስነግራቸው፣ ከሁለቱ ወገን በአንዱ ሊመድቧት ሞከሩና አልሆነላቸውም። «የጭልፊት ወገን ናት ካልከኝ ታዲያ ለምን አትበርም?» አሉኝ። ያን ምሽት የሰጠኋቸው መልስ ግማሽ ስለነበር የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

መብረርስ ትበራለች። ክንፎቿ ሲዘረጉ ሁለት ሜትር ያህል ይደርሳሉ፤ ተባዕቱና እንስቷ በሚፈላለጉበት ወቅትም ሰማይ ላይ ከፍ ብለው ያንዣብባሉ። ለቀለብ ግን መሬት ትወርዳለች። ሌሊቱን ግራር ላይ አድራ፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል ወርዳ በቀን ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ልትጓዝ ትችላለች፤ ይህም ከአረርቲ ገበያ ደርሶ ለሚመለስ የገጠር ሰው እንኳ ቀላል መንገድ አይደለም። ቁመቷ ወደ 1.3 ሜትር፣ ክብደቷ 4 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ በቤተሰቧ ውስጥ ዛሬ በሕይወት ያለች ብቸኛ ዝርያ እርሷ ናት።

ያየኋት በፓርኩ ውስጥ ባለው ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ነው። ግራጫ ሰውነቷን ቀጥ አድርጋ፣ ጭኖቿን እስከ ጉልበት በሸፈነው ጥቁር ላባ አጭር ሱሪ የታጠቀች መስላ፣ አንገቷን በየእርምጃው ወደፊት እየነቀነቀች ትሄድ ነበር። አንዲት የሣር ጉብታ ዘንድ ስትደርስ ቆመች፤ ሣሩን በእግሯ ሁለት ሦስት ጊዜ ደበደበችው። ፌንጣው ዘሎ ሲወጣ ሮጣ ደረሰችበትና፣ እግሮቿ እጅግ ረጃጅም ስለሆኑ ጎንበስ ብላ ዋጠችው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከፌንጣ በቀር ሌላ ስትበላ አላየሁም። እባብ ገዳይ መባሏ እውነት ቢሆንም ዝናው ከዕለት ቀለቧ ይበልጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትበላው ነፍሳትን፣ አይጦችንና እንሽላሊቶችን ነው።

እባብ ሲገጥማት ግን ክንፎቿን ዘርግታ እንደ ጋሻ ትይዛለች፣ ጭንቅላቱንም ደጋግማ ትረግጣለች። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2016 ብሪታንያ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ አንዲት የለመደች ጸሐፊ ወፍ የጎማ እባብ ስትረግጥ ተለክታ ኃይሏ 195 ኒውተን፣ ማለትም የራሷን ክብደት አምስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። እግሯ እባቡን የሚነካውም ለ15 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። እኔን ያስገረመኝ ከኃይሉ ይልቅ ፍጥነቱ ነው፤ እግሯ አንዴ ከተወረወረ በኋላ ማስተካከያ ጊዜ ስለሌላት፣ ቦታውን አስቀድማ ማነጣጠር አለባት። ከሳተች የመርዘኛ እባብ አፍ አጠገቧ ነው።

ጣቶቿ አጫጭር ስለሆኑ እንደ ንስር አንቆ ለመሸከም አይመቹም። ስለዚህ ግራር አናት ላይ በሚሠሩት ሰፊ ጎጆ ውስጥ ለሚጠብቋት ጫጩቶች ምግቡን በአብዛኛው ውጣ ታደርስና መልሳ ታወጣላቸዋለች።

ስሟ ብዙ ጊዜ የሚተረከው አውሮፓውያን ከማጅራቷ የሚንጠለጠሉትን ጥቁር ላባዎች ጆሮው ላይ የላባ ብዕር ከሰካ ጸሐፊ ጋር በማመሳሰል እንዳወጡላት ነው። ቁም ጸሐፊዎቻችን የሚጽፉት በመቃ ብዕር ነውና፣ የእኛ ሰው ቢሰይማት ኖሮ ይህ ስም አይወጣላትም ነበር ብዬ አምናለሁ። እኔ ብሆን ከእግሯ እጀምር ነበር።

ኑሮዋ በእርምጃ መሆኑ ለጉዳትም አጋልጧታል። ቁጥቋጦ የወረረው ወይም ታርሶ ያለቀ ሜዳ ለእርሷ መንገድ የለውም፤ በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት ከተቃረቡ ዝርያዎች መደብ ያስገባት ቁጥሯ በፍጥነት በመቀነሱ ነው። በአፋር የሣር ሜዳዎች ላይ የተስፋፋው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍም ለሜዳ አውሬዎች ችግር ነው።

አጎቴ ያን ምሽት የነገርኳቸውን ሰምተው በመጨረሻ ያነሱት ጥያቄ አንድ ነበር፤ «አንበጣ ትበላለች ነው ያልከኝ?»

«አዎን፣ ትበላለች።»

«እንኪያስ ወደዚህም ትምጣ» አሉና መብራቱን አጠፉ።