ሳሙናው ሲያልቅ ማን ይተካ?

ስለ ትምህርት ቤት ውሃና ንጽሕና ሳስብ የሚያስጨንቀኝ ከምረቃው በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ለግንባታው ገንዘብ ይገኛል። ያለቀ ሳሙና፣ የላላ የቧንቧ ጎሚኒ፣ የተሰበረ መቀርቀሪያ ግን ባለቤት የላቸውም።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለቀን ተማሪ በነፍስ ወከፍ በቀን 5 ሊትር ውሃ ይላል፤ 600 ተማሪ ካለ 3,000 ሊትር መሆኑ ነው። በውሃ የሚለቀቅ መጸዳጃ ካለ ደግሞ ይጨምራል። ውሃው ሞልቶም እጃቸውን ሳይታጠቡ ወደ ክፍል የሚገቡ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ጥፋቱ የሰልፉ ነው። አንድ ልጅ ግማሽ ደቂቃ ከወሰደ፣ አንድ ቧንቧ በ15 ደቂቃ እረፍት ከ30 ልጅ በላይ አያስተናግድም። ስለዚህ እኔ የምመርጠው በተርታ የተበሳ ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ አንድ መክፈቻ ሲከፈት ብዙ ልጆች ባንዴ ይታጠባሉ። ቀዳዳዎቹ ጠባብ ይሁኑ፣ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ። ቱቦው ካዘነበለ ከፍ ያለው ጫፍ ይደርቃል። መጨረሻው ላይ የሚፈታ ክዳን ከሌለው ደግሞ አሸዋው እዚያው ተጠራቅሞ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

ደረቅ ሳሙና ወይ ይወሰዳል፣ ወይ ውሃ ላይ ተቀምጦ ይሟሟል። 1.5 ሊትር ውሃ በያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ 30 ግራም የዱቄት ሳሙና መበጥበጥ ይሻላል። ክዳኑ በጋለ ሚስማር ይበሳና ጠርሙሱ በገመድ ይታሰራል። ማን እንደሚሞላው በየሳምንቱ በስም ካልተመደበ ግን ሰኞ የተሞላው ሐሙስ ባዶ ይሆናል፤ በዓመቱ በጀት ላይ የሳሙና መደብ ከሌለ ደግሞ የተመደበውም ልጅ የሚሞላው ነገር አያገኝም።

በገጠር የጉድጓድ መጸዳጃ የሚሸተው ብዙ ጊዜ የአየር ማስወጫ ቱቦው በሸረሪት ድር ስለታፈነ ወይም ከጣሪያው በላይ 50 ሴንቲ ሜትር ስላልወጣ ነው። ከቱቦው አናት ያለው ወንፊት ከተቀደደ ዝንቡ እንደልቡ ይወጣል፤ ወንፊቱ ደህና ሆኖ ክፍሉ ጨለም ካለ ግን ብርሃን ፈልጎ ወደ ቱቦው ይሄድና እዚያው ይቀራል። ሽታ ለማጥፋት ብሎ ጉድጓዱ ውስጥ በረኪና መድፋት አይገባም፤ ዓይነ ምድሩን የሚያብላሉትን ተህዋስያን ይገድላል። በረኪናው ለወለሉ ነው። በከተማ ችግሩ ሌላ ነው፦ ውሃ ሲቋረጥ መጸዳጃው ሳይለቀቅበት ይውላል፣ ከዚያም ይደፈናል። በየመጸዳጃ ክፍሉ አንድ ባልዲና ጣሳ፣ ውጭ ደግሞ ሁልጊዜ የተሞላ በርሜል ቢኖር ይህ አይደርስም።

የሴቶቹን ጉዳይ በደንብ ማየት ያስፈልጋል። ለ25 ሴት ልጆች አንድ የመጸዳጃ ክፍል ይባላል፤ ከውስጥ የማይቆለፍ ክፍል ግን እኔ አልቆጥረውም። የወር አበባ መጠበቂያ መጣያው ክዳን ያለው ሆኖ እዚያው ውስጥ ይቀመጥ። ውጭ ከሆነ ልጅቷ በሰው ፊት ይዛ መውጣት ስለማትፈልግ ጉድጓዱ ውስጥ ትጥለዋለች፤ ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል፣ መምጠጫ መኪናውም ቱቦው ስለሚታነቅ መምጠጥ ይቸገራል። መጣያውን የምታወጣው የጽዳት ሠራተኛም ወፍራም ጓንትና ቦት ጫማ ሊሰጣት ይገባል፣ ያውም ሲያረጅ የሚቀየር።