ሰውየው ገና ቤት ውስጥ እያለ

ሰሞኑን ማታ ማታ አንድ የቆየ አልበም ደጋግሜ እየሰማሁ ነው። የካናዳዊቷ የጆኒ ሚቸል «ብሉ» ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። አሥር ዘፈን አለው፤ ሁሉም ተደምሮ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይዘልም። አብዛኛው ዘፈን ላይ ያለው ድምጿ፣ ጊታር፣ ፒያኖ እና ዳልሲመር የሚባል ጭን ላይ አጋድመው የሚጫወቱት ባለ ክር መሣሪያ ነው። ከዚያ ውጪ ብዙ ነገር የለም። የድሬ ሙቀት በረድ ብሎ ከዚራ ላይ የባጃጁ ድምፅ ሲቀንስ ደጅ ወንበር አውጥቼ እሰማዋለሁ። ሌላ ሥራ እየሠሩ የሚሰሙት አይደለም።

አልበሙ እያለቀ ስላለ ፍቅር ነው። ካለቀ ፍቅር ይለያል። እኛ ስለ መለያየት ስንዘፍን ብዙ ጊዜ ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው። ትዝታ የሚመጣው ቤቱ ከጎደለ በኋላ ነው። ሄዷል፤ ርቋል፤ አንዳንዴም ሌላ አግብቷል። የቀረው ናፍቆት ነው፤ ናፍቆት ደግሞ ሰውን ያሳምራል። እዚህ ግን ሰውየው ገና አልሄደም። ትወደዋለች። ትከፋበታለች። በአንዱ ዘፈን አብረን ለመኖር የማዘጋጃ ቤት ወረቀት አያስፈልገንም ትላለች፤ በዚያው ዘፈን እሱ ወጣ ሲል አልጋው ይሰፋባታል። በሌላው ጥላው አውሮፕላን ተሳፍራለች፤ ገና አየር ላይ ሳለች ምነው ባልተሳፈርኩ ትላለች። ይሄን መሃል ላይ ያለ ጊዜ እንዲህ አድርጎ የሚዘፍን ሰው ብዙ አላውቅም።

ታናሽ ወንድሜ ክራር ይጫወታል። አንድ ማታ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሲሰማ ቆየና «እትዬ፣ ይቺ ልጅ ጊታሩን ለየዘፈኑ ትቃኘዋለች እኮ» አለኝ። ልክ ነው። ጆኒ ሚቸል በዘጠኝ ዓመቷ ፖሊዮ ይዟት ግራ እጇ ደክሞ ነበር። የጊታሩን ክሮች እንደ ሌላው ሰው ተጭኖ መያዝ ሲከብዳት፣ ክሮቹን ራሳቸውን በራሷ መንገድ እየቃኘች መጫወት ያዘች። ክራር የሚጫወት ሰው ይሄ አይደንቀውም። ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አንቺ ሆዬ ሲሄድ ክሩን ጠበቅ ላላ ማድረግ የዕለት ሥራው ነው። ወንድሜ ክራሩን አምጥቶ አንዱን ዜማ ሊከተላት ሞከረ። አልያዘለትም። ግን ደስ ብሎት አመሸ። ዜማው እኔንም ባዕድ ያልሆነብኝ ለዚህ ይመስለኛል፤ ሰው መሣሪያውን ለስሜቱ ሲያሰናዳ እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

«ሊትል ግሪን» የሚለውን ለብቻው መስማት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1965 ወልዳ ለጉዲፈቻ ስለሰጠቻት ልጇ ነው። ዘፈኑ ሲወጣ አድማጩ ይሄን አያውቅም ነበር። እናትና ልጅ የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። እሱን እንደ ሌሎቹ ደጋግሜ መስማት አልቻልኩም።

በጣም የምወደው «ሪቨር»ን ነው። ገና ደርሷል። ሰዉ ለበዓል ዛፍ እየቆረጠ ነው። ፒያኖው ፈረንጆች ለገና የሚዘፍኑትን ዜማ ቀንጨብ አድርጎ፣ አሳዝኖ ይጀምራል። እሷ የምትመኘው ውሃው በረዶ የሆነ ረጅም ወንዝ ነው፤ በላዩ ተንሸራትታ ከሁሉም ነገር እንድትሸሽ። የካናዳ ብርድ ውስጥ ስላደገች ይሄ ለእሷ የልጅነት ነገር ነው። እኛ ጋ ግን ወንዝ ማለት ደቻቱ ነው። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሲመጣ ደግሞ ሳይጠሩት ይመጣል። በእኛ አቆጣጠር በ1998 ክረምት በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ያንን ያየ የድሬ ሰው ወንዝ ይውሰደኝ ብሎ አይመኝም። ስለዚህ ምኞቷ ጆሮዬ ላይ ይከብዳል። ምን ያህል ብትጨነቅ ነው ያስብለኛል።

ከዚያ በኋላ ስለ ራሷ የምትለው ነገር አለ። አስቸጋሪ ነኝ፣ ለራሴ ብቻ አስባለሁ፣ ሐዘንተኛ ነኝ፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ሰው ያጣሁት ለዚህ ነው ትላለች። የእኛ ዘፈን ላይ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ነው። የከዳው እሱ ነው። ወሬ ያመጣው ጎረቤት ነው። ካልሆነም ጊዜ ነው፣ ዕድል ነው። እሷ ድርሻዋን ትወስዳለች፤ ግን ራሷን አትረግምም፣ እንዲያዝኑላትም አትለምንም። ይሄ ትልቅ ድፍረት ነው።

ታሪኩን ሳነብ የባሰ አሳዘነኝ። ከሙዚቀኛው ግራሃም ናሽ ጋር ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ቤት ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ጥላው ወደ አውሮፓ ሄደችና የግሪክ በሆነችው ቀርጤስ ደሴት ላይ ማታላ የምትባል መንደር ከረመች። ናሽ እንደሚናገረው፣ የእሷን ቤት የኩሽና ወለል እየሠራ ሳለ ቴሌግራም ደረሰው። አሸዋን አጥብቀህ ከጨበጥከው በጣቶችህ መሃል ያመልጣል የሚል። በቃ፣ አበቃ። አስቡት፣ ሰውየው ወለል እየሠራላት ነው! ለእሱም ለእሷም አዘንኩ። በዳይ ብፈልግ አላገኘሁም።

እኔንም የያዘኝ ይሄው ነው። የባለቤቴ ሥራ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። ደወሌን ወጣ ገባ ሲል ሳምንቱ ያልቃል። ቤት ሲሆን አንጣላም። «ውሃ መጣ?» «መጥቷል።» «መብራትስ?» «ማታ ጠፍቶ ነበር።» ወሬያችን ይሄ ነው። ከዚያ ቲቪ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ለእናቴ ከፍቶኛል ስላት «ልጄ፣ አይጠጣ፣ አይማታ፣ ቤቱን አያስርብ፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» ትለኛለች። እሷ ካየችው አንፃር እውነቷን ነው። እኔም በደል ከሌለ ማዘን የማይገባኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አላስብም። ሁለት ደግ ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ ሆነው ሊራራቁ ይችላሉ፤ ያም ያማል፤ ስለ እሱም መናገር ይቻላል።

አልበሙ ላይ የማልወደው የመጨረሻውን ዘፈን ነው። እዚያ ላይ ጨለማ ካፌ ውስጥ ተደብቃ ተቀምጣለች። ይሄም ያልፋል፣ ክንፍ አውጥቼ እበራለሁ ትላለች። ያን ሁሉ በግልጽ ስትናገር ቆይታ በመጨረሻ መደበቋ ልቤ አልቀበለውም።

ባለቤቴ ሐሙስ ይመጣል። እራት ከበላን በኋላ ቲቪውን ዘግቼ «እኔ ከፍቶኛል፤ አንተስ?» ልለው ነው። የሚመልስልኝን እፈራለሁ። ቢሆንም እጠይቀዋለሁ።