«ሎተሪ ደረሰህ እንዴ?»

ጀልባ መግዛቴ የተሰማ ሰሞን ስልኬ አላርፍ አለ። ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጀምሮ አዲስ አበባ እስካለው የአክስቴ ልጅ ድረስ ጥያቄው አንድ ነው። «ሎተሪ ደረሰህ እንዴ?» እኔ ሲያትል ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ መሪ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ። መጀመሪያ ታክሲ፣ አሁን የትምህርት ቤት አውቶቡስ። ሎተሪ አልደረሰኝም። እቁብ ነው የደረሰኝ።

ሰው «ያት»፣ የመዝናኛ ጀልባ ማለት ነው፣ ሲባል ዱባይ ላይ የሚያየውን ነጭ ቤተ መንግሥት ያስባል። የእኛዋ ሌላ ናት። በፈረንጆች 1980ዎቹ ታይዋን የተሠራች፣ 36 ጫማ ርዝመት ያላት፣ ሆደ ሰፊ የሞተር ጀልባ። የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ስለምትመስል እዚህ «ትሮለር» ይሏታል። ዋጋዋ ከአዲስ ቶዮታ በታች ነበር። ለምን እንደረከሰች የገባኝ ግን ከገዛኋት በኋላ ነው። ማሪናው፣ የጀልባ ማቆሚያው ማለት ነው፣ ኪራይ የሚያስከፍለው በጫማ ነው። ኢንሹራንስ አለ። ቀለም አለ። ደግሞ ለጀልባ የተባለ ብሎን ለመኪና ከሚሸጠው ብሎን ሦስት እጥፍ ይወደዳል፤ ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ልገዛ መሆኔን ስነግራቸው ጋሼ ዝም አሉ። ጋሼ የባለቤቴ አጎት ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ ባሕር ኃይል ገብተው፣ ምጽዋ ሠልጥነው፣ ወጣትነታቸውን በሞተር ክፍል ውስጥ የጨረሱ። ግንቦት 1983 መርከቦቹ ወደ የመን ሲሸሹ እሳቸውም አብረው ነበሩ። ከዚያ ስንት ዓመት ስደተኛ ሆነው ቆዩ። ከዚያ ሲያትል፣ ከዚያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሌሊት ሥራ። ስለ ባሕር ግን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ልጆቹን ይዘን ውሃ ዳር ስንሄድ እንኳ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰሙ ነበር።

የመጡት «እስቲ ልያት» ብለው ነው። ወለሉን ከፍተው ወደ ሞተሩ ወረዱ። አርባ ደቂቃ ያህል ድምፃቸው ጠፋ። ሲወጡ እጃቸው ዘይት በዘይት ነው። «ማነው እንዲህ የበደላት?» አሉኝ፤ እኔ የበደልኳት ይመስል።

ሞተሯ ፎርድ ሌማን ይባላል። መሠረቱ የእንግሊዝ ፎርድ የጭነት መኪና ሞተር ነው፤ 120 ፈረስ ጉልበት። ጋሼ ቁጥሩን ሲሰሙ ሳቁ። እሳቸው ያገለገሉባት መርከብ ከ6,000 ፈረስ በላይ ነበራት። ሆኖም ሞተሩን ወደዱት። ቀስ ይላል፣ አይሰበርም፣ በሰባት ኖት (ሰባት የባሕር ማይል በሰዓት) እየሄደ በሰዓት ሁለት ጋሎን ናፍጣ ገደማ ይጠጣል። አንድ አመል ግን አለው። የናፍጣ ፓምፑ ከሞተሩ የተለየ የራሱ ዘይት አለው፤ በየ50 ሰዓቱ መቀየር አለበት። የቀድሞው ባለቤት ይህን ሰምቶም የሚያውቅ አይመስለኝም። ጋሼ ያወጡት ዘይት ሬንጅ ይመስል ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ቀድመው ማሪና ይገኛሉ። እኔ ረዳት ሆንኩ። «አሥራ ሦስት ቁልፍ!» ይላሉ፣ አቀብላለሁ። «አሥራ ሦስት ነው እንጂ አሥራ አራት አላልኩም!» ይላሉ። በጀልባዋ ወረቀት ላይ የተጻፈው ስም የእኔ ነው፤ ካፒቴኑ ማን እንደሆነ ግን ማሪናው ሁሉ ያውቃል።

አንድ ቀን ጀልባዋን ከሚገፋው ፕሮፔለር አጠገብ የሚታሰረውን ዚንክ አሳዩኝ። በጨው ውሃ ውስጥ የተለያዩ ብረቶች ሲገናኙ አንደኛው ሌላውን ይበላዋል። ስለዚህ ሆን ተብሎ ደካማ ብረት ይታሰራል፤ ፕሮፔለሩ እንዳይበላ እሱ ይበላል። ግማሹ ሲያልቅ ይቀየራል። ጋሼ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉትና «ይቺ ቤዛ ናት» አሉ። እኔ በቤዛነት ስም የማውቀው መድኃኔ ዓለምን ነው፤ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ወዲያው ወደ ሥራው ገቡ። እኛ የምናቆመው ጨው በሌለው ሌክ ዩኒየን ላይ ነው፤ የምንሄደው ደግሞ ጨው ውሃ ላይ። ዚንክ ሐይቅ ውስጥ ሲቆይ ቆዳ ያወጣና ይተኛል። ለሁለቱም የሚሆነው አሉሚኒየም ነው። ይህን ስንት ሰው እንደማያውቅ ብታዩ! አጠገባችን የቆመው ጎረቤት፣ ጡረታ የወጣ ፈረንጅ፣ አሁን ሁሉንም ነገር ጋሼን ነው የሚጠይቀው።

ከሐይቁ ወደ ባሕሩ ለመውጣት ባላርድ ሎክስን ማለፍ ግድ ነው። በፈረንጆች 1917 የተከፈተ የውሃ በር ነው። ሐይቁ ከባሕሩ ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ እንደ ባሕሩ ሙላትና ጉድለት ከ6 እስከ 26 ጫማ ይደርሳል። ጀልባ ገብቶ ይታሰራል፣ የኋላው በር ይዘጋል፣ ውሃው ቀስ እያለ ይወርዳል፣ የፊቱ በር ይከፈታል። ቀላል ይመስላል አይደል? እኔም መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያ ቀን በትልቁ በር በኩል አስገቡን። ገመዱን ሙጭጭ አድርጌ ቋጠርኩት። ውሃው ሲወርድ ጀልባዋ ከግድግዳው ላይ ልትንጠለጠል ጀመረች። ገመዱ አቃሰተ። ጋሼ ከኋላ «ልቀቅ! ገመዱን ልቀቅ እንጂ አንተ ልጅ!» ብለው ጮኹ። በሁለቱም በኩል ቱሪስት ቆሞ ያያል፤ ቦታው የታወቀ መዝናኛ ነው። በዚያ ሁሉ መሃል አንዱ ከላይ «አበሻ! ሰላም ናችሁ? በስንት ተከራያችኋት?» አይለኝ መሰላችሁ።

ዋናው ፈተና የመጣው በሁለተኛው ክረምት ነው። ሙሉ ቤተሰቡ ወደ ሳን ሁዋን ደሴቶች ስንጓዝ፣ አድሚራልቲ ኢንሌት ላይ የሙቀቱ ጠቋሚ ወደ ላይ ተነሳ። ቦታው ጠባብ ነው። የፒውጀት ሳውንድ፣ ሲያትል ያለችበት የባሕር ወሽመጥ፣ ውሃ አብዛኛው የሚገባውና የሚወጣው በዚያ ስለሆነ ግፊቱ ያስፈራል፤ ኮንቴይነር የጫኑ መርከቦችም መንገዳቸው እዚያው ነው። ሞተሩን አጠፋን። ፀጥ አለ። ባለቤቴ ለልጆቹ የሕይወት ጃኬታቸውን እያጠበቀች አየችኝ። ምንም አላለችም። ምነው አንድ ነገር ብላ በነበር።

ጋሼ ምን እንደሆነ ገና ከመውረዳቸው በፊት ያወቁ ይመስለኛል። ከባሕር ውሃ ስቦ ሞተሩን የሚያቀዘቅዝ ፓምፕ አለ። ውስጡ የጎማ ምላሶች ያሉት ኢምፔለር የሚሉት ዕቃ ይሽከረከራል። ጎማው ሲያረጅ ይሰነጠቃል። በየዓመቱ ይቀየራል ይባላል፤ እኔም በፀደይ ለአንድ መካኒክ ከፍዬ አስቀይሬ ነበር። ማለትም አስቀይሬ መስሎኝ ነበር። ጋሼ አሮጌውን አውጥተው ሲያሳዩኝ ሁለት ምላሶቹ የሉም። ያ ሰውዬ ክዳኑን እንኳ አልከፈተውም።

መለዋወጫ ነበረን፤ ያስገዙኝ እሳቸው ናቸው። ቶሎ እንግጠመውና እንሂድ አልኩ። «ሁለቱ ምላሶች የት ሄዱ?» አሉኝ። እኔ እንጃ። «እንጃ አይባልም። ቱቦው ውስጥ ናቸው። ካልወጡ ውሃውን ይዘጉታል፣ ነገ እንደገና ይፈላል።» ቱቦውን ፈቱ። አንዷ ወጣች። ሁለተኛዋ እምቢ አለች። ውሃው ወደ መርከቦቹ መንገድ እየወሰደን ነው። እኔ ሬዲዮውን ቻናል 16፣ የአደጋ ጥሪው መስመር፣ ላይ አድርጌ የት እንዳለን ተናገርኩ፤ እንግሊዝኛዬ ያን ቀን እንደ አዲስ መጤ ሆነ። ጋሼ ላብ ሲያጠምቃቸው፣ ለራሳቸው ቀስ ብለው ሲያንጎራጉሩ ይሰማኛል። ሁለተኛዋን በጉጠት ጎትተው ሲያወጡ ለልጄ ሰጧት። ዛሬም የእርሳስ መያዣዋ ውስጥ አለች።

በነሐሴ እዚህ አየሩ ያምራል፤ ጠዋት ጠዋት ጉም አለ እንጂ። ችግሩ ነሐሴ ፍልሰታ ነው። ፈረንጆቹ ሸርጣን እያጠመዱ ሲቀቅሉ እኛ ሽሮ እናንተከትካለን። ሸርጣኑን ከፍልሰታ ውጭም አንበላውም፤ ክንፍና ቅርፊት የለውማ። ልጆቹ ያኮርፋሉ። ባለቤቴ ቡና ስትቆላ ደግሞ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። አንዴ ከአጠገባችን መልህቅ የጣሉ ሰዎች እሳት የተነሳ መስሏቸው በትንሽ ጀልባ እየቀዘፉ መጡ። ሦስተኛውን ጠጥተው ሄዱ። (የመጸዳጃውን ነገር አልነግራችሁም። በፈረንጆች ከ2018 ጀምሮ ፒውጀት ሳውንድ ውስጥ ፍሳሽ መልቀቅ ክልክል ነው፤ በፓምፕ ማስወጣት ነው። ሥራው የማን እንደሆነ ገምቱ።)

በዚያ የሳን ሁዋን ጉዞ አንድ ማታ ስለ ኦርካዎቹ ተነሳ። እነዚህ ጥቁርና ነጭ ዓሣ ነባሪዎች ናቸው። የአካባቢው ቤተሰቦች አባላት ሁሉ ተቆጥረው ከ80 አያልፉም፤ በፈረንጆች ከ2025 ጀምሮ በሕጉ መሠረት ጀልባ 1,000 ያርድ ሊርቃቸው ይገባል። የአውቶቡስ ካርዳችን እንኳ ስሙ ኦርካ ነው። ልጄ ይህን ስታወራ ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «የእኛም መርከብ ኦርካ ነበረች» አሉ። «አሜሪካኖቹ ለጃንሆይ ሳይሰጧት በፊት ስሟ እሱ ነው። እኛ ‹ኢትዮጵያ› አልናት።»

ልጄ ስልኳን አወጣች። ትንሽ ፈለገች። ከዚያ «ጋሼ፣ የት እንደተሠራች ያውቃሉ?» አለቻቸው። «አሜሪካን አገር።» «አሜሪካን አገር የት?» አላወቁም። እዚሁ ሲያትል አጠገብ፣ ሌክ ዋሽንግተን የተባለው ሐይቅ ላይ፣ የዛሬዋ ከርክላንድ። በፈረንጆች ጥቅምት 1942 ውሃ ላይ ወርዳ፣ በ1962፣ በእኛ 1954 መሆኑ ነው፣ ለኢትዮጵያ ተሰጠች። ጋሼ ሲያትል ሲኖሩ ስንት ዓመታቸው! ከቤታቸው በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ከሐይቁ ወደ ባሕር ሌላ መንገድ ስለሌለ፣ ያቺ 311 ጫማ መርከብም የወጣችው እኔ ገመድ ባቃሰትኩበት በዚያው ባላርድ ሎክስ ነው።

«አሳዩኝ» አሉ። ስልኩን ይዘው ብዙ ቆዩ።

እንደተመለስን በሚቀጥለው ቅዳሜ ወሰድናቸው። ከሌክ ዩኒየን በሞንትሌክ ቦይ በኩል ነው። የመርከብ ፋብሪካው የለም፤ ቦታው ላይ ሆቴልና የመዝናኛ ማሪና አለ። ሰው ነጭ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ወይን ይጠጣል። ሞተሩን ቀነስኩ። ጋሼ ከፊት ቆመው ዳርቻውን ከግራ ወደ ቀኝ ተመለከቱ። ልጆቹም ዝም አሉ። ላናግራቸው ፈለግኩና ተውኩት።

ትንሽ ቆይተው ወደ እኔ መጡና ጠቋሚዎቹን አዩ። «ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉኝ። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው አልኳቸው። «የሞተሩን ነው የጠየቅኩህ።» ቆጣሪውን አየሁ። ከመጨረሻው ቅያሪ 48 ሰዓት።

«በል ወደ ቤት አዙራት» አሉ። «የፓምፑን ዘይት ዛሬውኑ እንቀይራለን።»