የእማዬ ተልባና የአንጀቴ ደቦ

እማዬ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ ከቦርሳዋ መጀመሪያ የሚወጣው ተልባ ነው። ያልተቆላ። መቁላቱን ለእኔ አትተውም። ምጣዱ ላይ ይንጫጫል፣ ይዘላል። ሽታው ሲለወጥ ሳያር ታወርደዋለች። ወቅጣ ታነፋለች፣ ቆንጠር አድርጋ በጣቶቿ መሀል ታሸውና «ገና አልላመም» ብላ እንደገና ትወቅጣለች። በውሃ ተበጥብጦ ዝልግልግ ሲል ማር ጠብ ታደርግበታለች። «ጠጪ፣ አንጀትሽን ያርሰዋል።»

ለዓመታት ጥቅሙ ማለስለሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ተልባ ሊግናን በሚባል ንጥረ ነገር እጅግ የበለጸገ ነው። ሊግናኑን ኢንተሮላክቶን ወደሚባል፣ ደም ውስጥ ወደሚገባ ንጥረ ነገር የሚለውጡት ደግሞ ትልቁ አንጀታችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ከሊግናኑ ጋር የተያያዘውን ስኳር ያላቅቃል፣ ሌላው ተቀብሎ ይቀርጸዋል፣ ሌላው ይጨርሰዋል። ደቦ ነው። ስለዚህ እኔና ጎረቤቴ ከአንድ ማሰሮ ብንጠጣም ደማችን ውስጥ የሚገባው እኩል አይሆንም። ፍሬው ሳይደቅ ከተዋጠ ደግሞ አብዛኛው እንዳለ ይወጣል። እማዬ ደጋግማ መውቀጧ ልክ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ በተደረገ የሕዝብ ጤና ዳሰሳ፣ ሽንታቸው ውስጥ ኢንተሮላክቶን በርከት ያለባቸው ሰዎች ሲአርፒ የሚባለው፣ ደም ውስጥ የሚለካው የብግነት (የሰውነት መቆጣት) ምልክት ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ይህ ግን ተልባ ብግነትን ያድናል ማለት አይደለም። እነዚህ ሰዎች እህልና አትክልትም አብዝተው የሚበሉ ሊሆኑ ይችላሉ። መድኃኒት ነው እያሉ የሚሸጡትን አልወድም።

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የፊንላንድ ጥናት፣ አንቲባዮቲክ የወሰዱ ሰዎች ደም ውስጥ ኢንተሮላክቶን ቀንሶ እንደሚገኝ አሳየ። መድኃኒቱን ከጨረሱ ወራት ካለፉ በኋላም ጭምር። እኔ ደግሞ ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር ሰፈራችን ካለው ፋርማሲ ያለ ማዘዣ አሞክሲሲሊን እየገዛሁ እውጥ ነበር! ጉንፋን የቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም። የሚነካው እነዚያን ደቦኞች ነው። ማንም «ለምንሽ ነው?» ብሎ አልጠየቀኝም። ይህ እስካሁን ያናድደኛል።

ሐኪም ሲያዝልኝ አንቲባዮቲኩን በሥርዓቱ እጨርሳለሁ። ሳይታዘዝልኝ ግን ከዚህ በኋላ አልነካም። ባለፈው ወር ጉንፋን ሲይዘኝ ውሃ ጠጣሁ፣ ተኛሁ፣ በሳምንቱ ተሻለኝ። ተልባው ከጠርሙሱ ሥር ሁለት ማንኪያ ቀርቷል። እማዬ ለሁዳዴ ትመጣለች።